የቀትር መርፌ

ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሰው አልባ ትሆናለች። ይህን የማያውቅ እንግዳ ሰባት ሰዓት ላይ ከባቡር ቢወርድ፣ ሕዝቡ ሁሉ የሆነ ነገር ሰምቶ የሸሸ ይመስለዋል። ሱቅ ዝግ፣ ቢሮ ዝግ፤ የጋሪ ፈረስ እንኳ ጥላ ሥር ቆሞ ዓይኑን ይጨፍናል። ልጅ ሳለሁ እናቴ በዚያ ሰዓት ደጅ አታስወጣኝም ነበር። «ቀትር የሰው ሰዓት አይደለም» ትለኛለች። ኋላ ግን፣ በሃያ ሁለት ዓመቴ፣ ያ ሰዓት የእኔ ሆነ። ከተማው ሁሉ ሲተኛ ብቻዬን ተቀምጬ የአንዲት መርፌ ዓይን ዓይን ሳይ ከረምኩ።

የልብስ መርፌ እንዳይመስላችሁ፤ ልብስ ሰፊዋ እናቴ ናት። የእኔዋ የቴስተር፣ የኤሌክትሪክ መለኪያ፣ መርፌ ናት፣ በመስታወት ሥር የምትወዛወዝ፣ ሽቦ ሲያገናኟት ተነስታ ቁጥር የምታሳይ። ቴስተሩን አባቴ ትቶልኝ ነው የሞተው። አባቴ የባቡሩ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበር። እኔ ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ባቆምም ከእሱ ደብተሮች ሥር አልጠፋም ነበርና፣ እሱ ሲሞት በጣቢያው የስልክ ክፍል በኦፕሬተርነት ቀጠሩኝ። የቀረውን ያስተማረኝ የአባቴ የሥራ ጓደኛ ነው። ሶማሊ ነው፤ «አዴር» እለዋለሁ፣ አጎቴ እንደማለት። እሱም መልሶ «አዴር» ይለኛል። በእነሱ ቤት አጎትና ልጅ እንደዚያ ነው የሚጠራሩት፤ እኔ ደግሞ ትንሽ ሆኜ በዚህ በጣም እኮራ ነበር፣ ትልቅ ሰው የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

እንግዲህ ጦርነቱ አልፎ ባቡሩ እንደገና መመላለስ በጀመረበት ጊዜ፣ የወንድሜ ስም ቀበሌው ዝርዝር ላይ ወጣ። ስሙ የወጣ ልጅ ምን እንደሚሆን በዚያን ጊዜ የኖረ ያውቀዋል፤ ያልኖረ ባያውቀው ይሻለዋል። ከእኔ በሁለት ዓመት የሚበልጥ፣ ሳቅ የሚወድ፣ እናቴን «የኔ ቆንጆ» ብሎ የሚጠራ ልጅ ነበር። አዴር ከሁርሶ ባሻገር ወዳለች ትንሽ ጣቢያ ተዛውሮ ስለነበር፣ አንድ ጠዋት ወንድሜን እንደ ቀን ሠራተኛ አካፋ አሸክሞ ይዞት ሄደ። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አመቺ ቀን ሲገኝ ወንድሜ ከዚያች ጣቢያ ተሳፍሮ ድሬዳዋ ይመጣል፤ ከድሬዳዋ ከነጋዴዎቹ ጋር ተቀላቅሎ ወደ ጅቡቲ ያልፋል።

አመቺ ቀን ማለት ፍተሻ የሌለበት ቀን ነው። ፍተሻ ደግሞ ቀን አይቆርጥም። እኔ ስልክ ክፍል ስላለሁ፣ ነገ በድሬዳዋ ጣቢያ መድረክ ላይ ፈታሾች ይቆማሉ አይቆሙም የሚለውን ከወሬው እለቅም ነበር። የሚያስፈልገን አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ «ይጫን» ወይም «አይጫን»። ወንድሜን የሽንኩርት ጆንያ አድርገነው ነበር። ቃሏ ከተሳሳተች ልጁ በገዛ እግሩ ፈታሾቹ እጅ ይገባል።

«ስልኩ ይሰማል እኮ» አልኩት አዴርን፣ ቤታችን ተቀምጠን። «ሽንኩርት ብንልስ ማን ይታለላል?»

«ይስሙ» አለ።

«ወረቀት ላይ የምስጢር ቃል እንጻፍ?»

«ወረቀት ኪስ ውስጥ ይገኛል። የተገኘ ወረቀት ሰው ይገድላል፣ አዴር።» ከዚያ ተነስቶ ከደጅ አራት ድንጋይ ለቅሞ መጣ፤ ሁለት ትልልቅ፣ ሁለት ትንንሽ። ለእኔ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሰጠኝ፤ ለራሱም እንደዚያው ያዘ። የእናቴን ነጠላ ከላያችን ላይ ዘረጋና አንድ ዘንቢል ከሥሩ አደረገ። «ከሁለቱ አንዱን፣ ደስ ያለሽን አስገቢ። እኔም አስገባለሁ።» አስገባን። ዘንቢሉን ሸፍኖ ለእናቴ አቀበላት። «ሚዛኑ ምን ይላል?»

እናቴ አነሳችው። «በጣም ከባድም አይደለም፣ ቀላልም አይደለም። መሐለኛ ነው።»

«ስለዚህ?»

«አንዳችሁ ትልቁን፣ አንዳችሁ ትንሹን አስገብታችኋላ።»

«ትልቁ የማን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ! ጠንቋይ መሰልኩህ?»

አዴር በእጁ ወደ እኔ አመለከተ። «እሷ ግን ታውቃለች። የራሷን ታውቃለችና የእኔንም ታውቃለች። እኔም እንደዚያው። አንቺ ዘንቢሉን በእጅሽ ይዘሽ፣ አታውቂም።»

እናቴ ዘንቢሉን መልሳ አስቀመጠችና «ወላሂ፣ ይሄ ሰውዬ ሌባ ቢሆን ኖሮ ሀብታም ነበር» አለች። ክርስቲያን ናት፤ ግን ድሬዳዋ ተወልዶ ወላሂ የማይል የለም።

ነገሩን ወደ ሽቦ አመጣነው። በድንጋዩ ፈንታ ሁለት ሁለት የሽቦ ጥቅል ሠራን። ትልቁ ጥቅል ረጅም ቀጭን ሽቦ ነው፣ ኤሌክትሪኩን በጣም ያስቸግረዋል፤ ትንሹ አጭር ነው፣ በቀላሉ ያሳልፈዋል። የእኔን ትንሹን ጥቅል ስጠመጥም ቁጥር ጠፍቶብኝ ነበርና፣ የጠፋብኝ ቦታ ላይ ከእናቴ ቅርጫት ቀይ ክር ወስጄ አሰርኩበት። ከዚያ በኋላ ሲታይ አፍንጫው ላይ ኪንታሮት ያለበት ሰው ይመስላል።

ሥራው እንዲህ ነበር። ቀትር ላይ ቢሮው ሲዘጋ እኔ ተረኛ ነኝ ብዬ እቀራለሁ። ጥቅሎቹ የእናቴ የልብስ ቁልፍ መያዣ በነበረች ከረጢት ውስጥ ናቸው። ሳላይ እጄን አስገብቼ አንዱን አወጣለሁ፤ አዴር «እጅሽ ሐሳብ እንዳይኖረው» ብሎኛል። መስመሩ ጫፍ ላይ አስረዋለሁ። እሱም በዚያኛው ጫፍ የራሱን ያስራል። ከዚያ በየተራ መርፌያችንን እናያለን። መርፌዋ ከላይ ወይም ከታች ከቆመች ሁለታችንም አንድ ዓይነት አስረናል፤ ለሚያደባ ሰው ግልጽ ነውና ጥለነው እንደገና እናወጣለን። መሐል ላይ ከቆመች ግን የቀኑን ምልክት አገኘን። ትልቁ ከእኔ ዘንድ ከሆነ ቃሌ እንዳለ ነው፤ ይጫን ካልኩ ይጫን። ትንሹ ከእኔ ዘንድ ከሆነ ቃሌ ይገለበጣል፤ ይጫን ካልኩ አይጫን። በመንገድ ላይ ሽቦውን የያዘ ሰው መርፌ ቢኖረው እንኳ የሚያየው እናቴ ያነሳችውን ዘንቢል ነው።

አዴር አንድ ሕግ ጨመረ። «ከቃሉ በፊት የመርፌያችንን ቁጥር በስልክ እንባባል፣ በግልጽ፣ እንደ ሥራ። ያየነው አንድ ሽቦ ነው። ረጅም ስለሆነ የሁለት ልዩነት ይኖራል፤ አንቺ ሃያ አራት ካልሽ እኔ ሃያ ስድስት እላለሁ። ከዚያ ከበለጠ ግን አንድ ሽቦ አይደለም ማለት ነው። አንድ ሰው መሐል ላይ ቆርጦት፣ ለአንቺ እኔን መስሎ፣ ለእኔ አንቺን መስሎ ተቀምጧል። ያን ቀን ቃል የለም። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። በጣም ገብቶኝ ነበር። ሰው የሚሳሳተው ባልገባው ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር በዚያን ጊዜ።

ከታኅሣሥ ጀምሮ በየቀኑ እንዲህ አደረግን። ፍተሻ ያልጠፋበት ሰሞን ስለነበር፣ በቀና በተገለበጠ ቃል «አይጫን» ስል ከረምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር። ወንድሜ በዚያኛው ጫፍ አዴር አጠገብ ቁጢጥ ብሎ እንደተቀመጠ አስባለሁ። አንዳንዴ የእሱን ጥቅል ከከረጢት የሚያወጣው ወንድሜ ነው ብሎኛል አዴር፤ ስለዚህ መርፌዋ ስትነሳ ወንድሜ እጄን የነካኝ ይመስለኛል።

በመጋቢት ገደማ ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። መጀመሪያ ያየሁት ትንሽ ነገር ነው። ገና ምንም ሳናስር፣ ባዶ መስመር ላይ፣ መርፌዋ ሽቅብ ብላ ተመለሰች። እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደረት ከፍ ዝቅ እንደሚል። ሌላ ቀን የከረጢቷ ማሰሪያ እኔ ከማስረው በተለየ ቋጠሮ ታስሮ አገኘሁት። ከረጢቷን የማስቀምጥበት መሳቢያ ቁልፍ አልነበረውም፤ የክፍሉ በርም ቀትር ላይ ለነፋስ ተብሎ ክፍት ነው፣ እኔም ውሃ ልቀዳ እወጣለሁ። ቆሜ ቋጠሮውን አየሁት። «ራሴ ነኝ ያሰርኩት» አልኩና ፈታሁት። ግን እጄ ቋጠሮውን አላወቀውም።

ከዚያ ቁጥሮቹ መራራቅ ጀመሩ።

«መርፌሽ?»

«ሃያ አንድ።»

«የእኔ ሃያ ስምንት» አለ አዴር። በሽቦው ላይ ነፋሱ ይሰማል፤ ያ ረጅም፣ አፍ የሌለው ፉጨት።

«ሙቀት ነው» አልኩት።

አሁን ድሬዳዋን ካላወቃችሁ ትፈርዱብኛላችሁ። በእኛ ከተማ ለማንኛውም ነገር መልሱ ሙቀት ነው። ሰው ቢቆጣ ሙቀት ነው፣ ልጅ ቢያለቅስ ሙቀት ነው፣ ሰዓት ቢዘገይ፣ በር ቢያብጥ፣ ጋብቻ ቢፈርስ ሙቀት ነው። ደግሞስ ውሸት አልነበረም፤ ሽቦ ሲሞቅ ቁጥሩ እንደሚጨምር በአባቴ ደብተር ተጽፏል። ምን ያህል እንደሚጨምር ግን አልተጻፈም፤ እኔም አልጠየቅሁም። አዴር ራሱ፣ ያን ሕግ ያወጣው ሰውዬ፣ ትንሽ አሰበና «አቦ፣ እውነትሽን ነው፣ ሙቀቱ ዘንድሮ ጉድ ነው» አለ። ሁለታችንም የዚህ አገር ሰዎች ነን።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። ቁጥሩ ይራራቃል፣ እኛ ሙቀት እንላለን፣ ቃሉን እናስተላልፋለን። ከአዴር ድምፅ ኋላ አንዳንዴ የሆነ ሰው ትንፋሹን የያዘ ይመስለኛል። አታውቁም፣ ትንፋሽ መያዝም ድምፅ አለው።

ሚያዝያ ውስጥ አንድ ረቡዕ ዝናብ መጣ። የእኛ ዝናብ ሲመጣ ምሕረት የለውም፤ ሰማዩ ጠዋት ጠቆረ፣ ቀትር ላይ የስልክ ክፍሉ ቆርቆሮ ጣሪያ ራሴ ላይ የሚወርድ መሰለ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲጮህ ከጣቢያው ይሰማል። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ጠዋት፣ ነገ መድረኩ ላይ ከባድ ፍተሻ እንዳለ ሰምቼ ነበር። ከረጢቷ ውስጥ እጄን አስገብቼ ባለ ቀይ ክሩን ትንሹን ጥቅል አወጣሁ። መርፌዋ መሐል ላይ ቆመች።

«መርፌሽ?»

«ሃያ አንድ።»

«ሃያ ስምንት።»

«ሙቀት ነው» አልኩ።

አዴር «እህ» አለ። በዚያ ላይ ጣሪያው ይንጫጫል፤ አንዱ አንዱን በደንብ አይሰማም።

ትንሹ ከእኔ ዘንድ ስለሆነ ቃሌ ይገለበጣል። ወንድሜ እንዳይመጣ፣ «ሽንኩርቱ ነገ ይጫን» አልኩ።

«ይጫን?»

«ይጫን።»

ስልኩን ዘጋሁ።

ሳይመሽ፣ ገና ቀን ሳለ፣ ርሼ ቤት ገባሁ። እናቴ ማሽኑ ላይ ሆና እየሳቀች ጠበቀችኝ።

«ሌባዬን ያዝኩት» አለች።

«የምን ሌባ?»

«የወተቱን! በየቀኑ ሲጎድል ሙቀቱ አተነነው፣ ሙቀቱ አተነነው ስል አልነበር? ዛሬ በዚህ ብርድ ጎደለ። በዝናብ የሚተን ወተት የለም ብዬ በር ሥር ተደብቄ ጠበቅሁ። የጎረቤት ድመት! ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔ ሙቀት ስል እሷ ስትጠጣ።»

እኔም ልስቅ አፌን ከፈትኩ። ሳቁ አልወጣም። ብርድ አልነበረም የያዘኝ፣ እናቴ ግን ብርድ መስሏት በጋቢ ጠቀለለችኝ።

በዝናብ የሚራራቅ ቁጥር የለም። ሙቀት አልነበረም። ሰው ነበር። መሐላችን ላይ ሰው ተቀምጦ፣ እኔ አዴርን የጨበጥኩ ሲመስለኝ የጨበጥኩት የእሱን እጅ ነበር። ታዲያ የእኔ ጥቅል ትንሹ ሲሆን አዴር ትልቁን ይዟል ማለት ቀርቷል። እሱም ትንሹን ይዞ፣ ለእሱ ያ ሰው ትልቁን አስሮለት ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አዴር ቃሌን እንዳለ ወስዶታል፤ እስከ ዛሬ እንዲህ ያልሆነው ያ ሰው ስላልፈለገ ብቻ ይሆናል። «ይጫን» ብዬዋለሁ። ወንድሜ ነገ ይሳፈራል።

ደውዬ እንዳላስጠነቅቅ የምደውለው በዚያው ሽቦ ነው። ከዚያ በፊት እዚያች ጣቢያ የሚደርስ ሌላ ባቡር የለም። እናቴ «ምን ሆነሻል?» ብትለኝ «ሙቀት» ልላት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሥራ ስገባ ሰማዩ ጠርቶ ምድሩ ቀዝቃዛ ነበር። ባቡሩ አምስት ሰዓት ላይ እዚያች ጣቢያ ይደርሳል። ሐዲዱ አንድ ነው፤ ባቡር ከጣቢያ ወደ ጣቢያ የሚለቀቀው ፊት ያለው ጣቢያ «መንገዱ ነጻ ነው» ብሎ በስልክ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ፈቃድ ካልተሰማ ባቡሩ ባለበት ይቆማል። ይህን አባቴ እራት ላይ ሺህ ጊዜ ነግሮናል። እንግዲህ እኔ ያለኝ አንድ ነገር ነው፦ የዚያ መስመር፣ ከወንድሜ ጣቢያ ወዲያ ያሉት ጣቢያዎችም የሚነጋገሩበት መስመር፣ ፊውዞች ከወንበሬ ኋላ ናቸው።

በዚያ ዘመን መስመር የቆረጠ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ፊውዙን ነቀልኩ፣ ከመሳቢያ ተቃጥሎ የተጣለ አሮጌ አወጣሁና በቦታው ሰካሁት። መልካሙን ጫማዬ ውስጥ ደበቅሁ። ከዚያ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

አለቃዬ እየሮጡ መጡ። «አንቺ ልጅ! ያ መስመር ለምን ሞተ? ባቡሩ ቆሟል እኮ!»

«አላወቅሁም ጌታዬ።»

ፊውዙን ራሳቸው ነቅለው አዩት። መጋረጃው በቀዝቃዛ ነፋስ ይውለበለባል፤ እሳቸውም ሹራብ ለብሰዋል። ፊውዙን ወደ ብርሃን አንስተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሙቀት ነው» አሉ። «ዘንድሮ መቼም ሁሉንም ነገር ጨረሰው።»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። አልቅሼ ይሁን ስቄ ዛሬም አላውቅም።

የዚያ መጠን መለዋወጫ ፊውዝ እስኪገኝ፣ የትኛው ቦታ እንደተበላሸም ጠጋኞች ሽቦውን እስኪፈትሹ፣ ቀኑ አለቀ። ባቡሩ ከወንድሜ ጣቢያ ወዲያ ማዶ ባለው ጣቢያ ቆሞ ዋለ። ሽቦ ሲሞት ደግሞ ሽቦውን ተከትሎ የሚሄደው ማን ነው? አዴር።

በስምንተኛው ቀን ቤታችን መጣ። በሩን ከኋላው ዘጋ፣ ውሃ ጠጣ፣ ከዚያ ነው የተናገረው።

«አልተሳፈረም» አለ መጀመሪያ፣ እናቴን እያየ። «ልብሱን ለብሶ መድረክ ላይ ቆሞ ነበር። ባቡሩ አልመጣም።» እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አዴር ቀጠለ። ሽቦውን ተከትሎ ወደ ሁርሶ በኩል ሲሄድ፣ ሰው በማይኖርበት ቦታ፣ ከአንድ ግራር አጠገብ ሽቦው ተቆርጦ አገኘው። ከሁለቱም ጫፍ ወደ ታች የወረደ ቀጭን ሽቦ አለ። ከግራሩ ሥር አሸዋው የሰው መቀመጫ ያህል ጎድጉዷል። የጫት ቅጠል የለ፣ የሲጋራ ቁራጭ የለ፣ የጫማ ዱካ ወደዚያ የመጣም ከዚያ የሄደም የለ፤ ዝናቡ አጥቦት ይሆናል። ሮጦ ተመለሰና ወንድሜን በዚያው ቀን ከግመል ነጂዎች ጋር አሻገረው።

«ይህ እዚያ ነበር» ብሎ የተጠቀለለ ጨርቅ አወጣ። ፈታሁት። የሽቦ ጥቅል ነው፣ ትንሹ። ከከረጢቴ የእኔን አውጥቼ አጠገቡ አስቀመጥኩት። ቁመቱ አንድ፣ ውፍረቱ አንድ። እኔ ቁጥር የጠፋብኝ ቦታ ላይ፣ ልክ እዚያው ላይ፣ ቀይ ክር ታስሯል።

እናቴ ክሩን በጣቶቿ አሸችው። «ከእኔ ቅርጫት ነው» አለች።

ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። እኛን ለመያዝ የመጣ ማንም የለም፤ ይህ ነው ይበልጥ የሚያስፈራኝ። መርፌ ሽቦን ይለካል፣ ቀይ ክርን ግን አይለካም። ያ ሰው ክፍሌ ገብቶ፣ ከረጢቴን ፈትቶ፣ በእጁ ይዞ አይቶታል፤ ቤታችን ደርሶም ከቅርጫቱ ክር መዝዟል። ከተማው ሲተኛ እሱ አልተኛም።

ወንድሜ ጅቡቲ መድረሱን ከሁለት ወር በኋላ አንዲት ነጋዴ በአፏ አመጣችልን። ወደብ ላይ ዕቃ ይሸከማል አለች፤ ለእናቴም «የኔ ቆንጆ በይልኝ» ብሏል። እናቴ ሴትየዋን አቅፋ አልለቅም አለች።

በማግስቱ ቀትር ላይ፣ ልቤ ቀልሎ፣ ለአባቴ ትዝታ ስል ብቻ ቴስተሩን አወጣሁ። አዴር የራሱን ጥቅሎች ቀብሯቸዋል፤ የእኔም ከእናቴ ዘንድ ናቸው። መስመሩ ባዶ ነው። ባዶ መስመር ላይ መርፌ ትተኛለች።

ሽቦውን አገናኘሁ። መርፌዋ ቀስ ብላ ተነሳች፤ የእኔ ትንሹ ጥቅል ለብቻው ሲለካ በሚያሳየው ቁጥር ላይ ደርሳ ቆመች። አልተንቀጠቀጠችም። አንድ ሰው በዚያኛው በኩል የራሱን አስሮ፣ የእኔን እየጠበቀ ነበር።

ደጁ ላይ ፀሐዩ ነጭ ነው፤ አንድም ሰው አይሄድም። ሽቦውን ነቅዬ ተነሳሁና፣ በዚያ ሁሉ ወበቅ፣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ።